ሳልይዘው የቀረሁት ፎንት

ላፕቶፔ ለመከፈት ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅ ጀመር። ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሰውዬ ከፍቶ አየውና፣ «እትዬ፣ ይሄ ፎርማት ካልሆነ አይድንም። የሚፈልጉትን ሁሉ አስቀድመው ያውጡ፤ ኋላ ቢያለቅሱም አልመልስልዎትም» አለኝ።

ከሁሉም በላይ የምፈልገው አንድ ፋይል ነበር። አክስቴ በወጣትነቷ ከአሊዩ አምባ ጨው ጭና በቆላው ገበያ ሁሉ ስትዞር ያየችውን ነግራኝ፣ ሁለት ክረምት ቁጭ ብዬ የጻፍኩት ነው፤ ስልሳ አንድ ገጽ። አክስቴ ዛሬም በሕይወት አለች፤ ነገሩ ግን ከአእምሮዋ ወጥቷል። ስጠይቃት «ወላሂ፣ አሊዩ አምባን ረግጬው አላውቅም» ትለኛለች። ደግማ ልትነግረኝ አትችልም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ የያዝኩትን ሁለት ጊዜ ሳላይ አላምንም። የፋይሎቹን ስም ደብተር ላይ ጻፍኩ፤ ወደ ፍላሽ በገለበጥኩ ቁጥር ምልክት አደረግኩ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ከፍላሹ ላይ ከፍቼ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩ። የአክስቴን በሁለት ፍላሽ ያዝኩት። ቀን በከተማችን በሮቢት ሙቀት ላፕቶፑ ስለሚጠፋ ማለዳ ማለዳ ብቻ እየሠራሁ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ባለቤቴ «ሐጅ ልትሄጂ የተነሳሽ ነው የሚመስለው» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ላፕቶፑ ፎርማት ሆኖ ሲያልቅ እዚያው ሱቁ ውስጥ ፍላሹን ሰካሁ። ፎቶዎቹ አሉ። የአክስቴንም ከፈትኩ። ስልሳ አንዱም ገጽ አለ፤ አንድም የአማርኛ ፊደል ግን የለበትም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍ፣ እንደገና የእንግሊዝኛ ፊደል። ሁለተኛው ፍላሽ ላይም ያው ነው።

«በምን ነበር የጻፉት?» አለኝ ሰውዬው።

«በእጄ ነዋ!»

«በየትኛው ፕሮግራም ማለቴ ነው። ይሄ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። የፊደሉ ቅርጽ ፋይሉ ውስጥ አይኖርም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር፤ ፎርማት ሳደርገው አብሮ ሄደ። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ስሙን ያውቁታል?»

አላውቀውም። «ሁሉንም ከፍቼ አይቼ ነበር እኮ!»

«የት ላይ ከፍተው?»

«እዚሁ ላይ።»

«እሱማ ፎንቱ ነበረው፤ ያነብልዎታል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነበር ማየት።»

ሦስት ቀን ሙሉ የጠየቅኩት ያንኑ ሊጠፋ የተዘጋጀውን ማሽን ነበር።

መናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት በባጃጅ ሄድኩ። መጻፍ የተማርኩት እዚያ ነው። ያስተማረችኝ ሴት በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ጥግ ላይ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር አስነስታ ፍላሹን ሰካችበት። ፊደሉ ወጣ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ፎንቱን ገልብጣ ስትሰጠኝ፣ «አዲሱ ኮምፒውተርሽ ላይ ጫኚውና እዚያ ክፈቺልኝ» አልኳት። ከፈተች። ጽሑፌን ለማንም አስነብቤ አላውቅም፤ እሷ ግን ልክ መሆኑን ለማየት ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረችው።

«‹ማጀቴ ስንደርስ ባሌ አህያዋን ሸጦ ጫማ ገዛ› ይላል። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

እዚያ ላይ ታቆማለች ብዬ ነበር። አላቆመችም። ማመልከቻ ሊያስጽፉ ወረፋ የያዙ አንድ አዛውንት ጆሯቸውን አቀኑ።

«ታዲያ ጨዉን ማን ተሸከመው?» አለች ጸሐፊዋ።

«ሚስቲቱ ናታ!» አሉ አዛውንቱ።

«ኧረ ራሱ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። «አዲስ ጫማውን እንዳደረገ። ወደ ታች ውረጂ፣ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል።»