ፖርት ቤል ላይ የተሰጠው ሜዳሊያ

ልጃችን ለስካውቶች የሚሰጠውን ትልቁን ሜዳሊያ ማግኘቷን ደውላ ያበሰረችን የቡድኗ መሪ ናት፤ እንደኛው ሙቱንጎ ሰፈር የምትኖር አስተማሪ። ለባለቤቴ ስነግረው ከወንበሩ ተነሳ።

"አዳራሽ እንከራያለን፤ ካምፓላ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይጠራል" አለ።

ሜዳሊያውን ያስገኘላት ሥራ የተጀመረው ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው በቆዩበት ጊዜ ነው። ፖርት ቤል በሚባለው የሐይቅ ወደብ ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቁ ዳር ኖረው መዋኘት አያውቁም ነበር። እገዳው ላላ ሲል ልጄ መሪዋን አስከትላ ወረደችና ውሃው እስከ ወገብ በሚደርስበት ቦታ ታስተምራቸው ጀመር፤ መንሳፈፍን፣ ገመድ መወርወርን፣ ውሃ የጠጣ ሰው መርዳትን። ወደቡ ላይ የሚውሉት ሌሎች ሰዎች ዳር ቆመው ይስቁባቸው ነበር። አንድ ቀን ዕቃ አውራጅ ከጀልባ ላይ ወደቀ። ገመድ ወርውራ ያወጣችው ከተማሪዎቿ አንዷ፣ ጨዋታ የምትወድ ወፍራም ሴት ነበረች። ከዚያ ወዲያ የሚስቅ አልተገኘም።

ባለቤቴ በልጁ ይኮራል፤ የውሃው ነገር ሲነሳ ግን ፊቱ ይለወጣል። በልጅነቱ ጓደኛውን ደራሽ ወንዝ ወስዶበታል። ካምፓላ ስንኖር ይህን ያህል ጊዜ አንድም ቀን ወደ ሐይቁ ወርዶ አያውቅም።

ማተሚያ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ዋንዴገያ ሄደን የጥሪ ወረቀት ልናሳትም ስንነሳ ልጃችን በር ላይ አስቆመችን።

"አባዬ፣ ሴቶቹስ?"

"እነሱም ይጠራሉ እንጂ።"

"ጀልባ ሲገባ ዓሣውን ትተው አይመጡም።"

"ሌላ ቀን እናድርገዋ።"

"ጀልባ በየቀኑ ነው የሚገባው። እኛ እንሂድላቸው።"

"ውሃው ዳር?"

"አዎ፣ ውሃው ዳር።"

ከአጠገቧ አልፎ ወጣ። ልትከተለው ስትል ያዝኳት። ማታ እራት ላይ፣ "ድንኳኑ ከውሃው ራቅ ብሎ ይተከላል" አለ። እኛም እሺ አልነው።

ከዚያ በኋላ ዝግጅቱ ከእጃችን ወጣ ማለት ይቻላል። ሴቶቹ ከሙዝ የሚሠራውን ማቶኬና ዓሣውን እኛ እንሠራለን ብለው ድርቅ አሉ። እኔ ድፎ ዳቦና ዶሮ አዘጋጀሁ። መሪዋ የቡድኑን ልጆች ሰልፍ ስታለማምድ ሰነበተች።

በዕለቱ ከሐይቁ የተነሳው ነፋስ ድንኳናችንን ገልብጦ ጣለው። ደግመን ልንተክል ስንታገል ሴቶቹ ጎሜሲያቸውን፣ ያንን ትከሻው ቀጥ ያለ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ፤ ወንበሮቹንም እያነሱ ጀልባ ወደሚታሰርበት የእንጨት መድረክ አጠገብ ወሰዱ። ልጄም ዩኒፎርሟን ለብሳ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመች። ሜዳሊያውን የሚሰካላት አባቷ ነው። በሳንቃዎቹ መሃል ውሃው ይታያል። አንድ እግሩን አነሳና መልሶ አወረደው።

ዕቃ አውራጁን ያወጣችው ሴት መጥታ ክንዱን ያዘች። በሉጋንዳ የሆነ ነገር ስትለው ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

"ምን አለች?" ሲል ልጁን ጠየቃት።

"አይዞዎት፣ ከወደቁ እኔ አወጣዎታለሁ ነው ያለችህ።"

እሱም ሳቀ። እየሳቀ መድረኩን እስከ ጫፉ ሄደ።

መርፌው አልይዝ ብሎት ትንሽ ታገለ። ሜዳሊያው ደረቷ ላይ ሲሰካ መሪዋ ሰላምታ ሰጠች፤ ልጆቹም ተከተሏት። ባለቤቴ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀውን ንግግር ከኪሱ ሳያወጣ በአማርኛ ጀመረ።

"እኔ ውሃ እፈራለሁ። ልጄ ከኔ ፍርሃትን አልወረሰችም። እናንተ እህቶቼ ደግሞ አምናችሁ ተከትላችኋታል፤ ክብሩ የእናንተም ነው።"

ልጄ ወደ ሉጋንዳ ተረጎመችው። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። የተጠሩት ሐበሾችም ተቀበሏቸው፤ ሁለቱን እልልታ መለየት አልቻልኩም። ዓሣ የጫነ ጀልባ በዚያው ሰዓት ገባ። ዓሣውን የሚረከበው ሰው ግን አልነበረም፤ ሴቶቹ ልጄን ትከሻቸው ላይ አውጥተው እየጨፈሩ ነበር።