በፊደል ተራ አንደኛ

«መምህር፣ አበጀ እኮ አለፈ» አለችኝ እህቱ ስንዱ ዛሬ ጠዋት ደውላ።

እኔ ደግሞ በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ያለፈ መስሎኝ «ሳይደውልልኝ?» አልኳት። ተቀየምኩትም። እሷ ማልቀስ ስትጀምር ነው የገባኝ። ትናንት ከሰዓት ቢቸና፣ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ደረቴን ጨነቀኝ ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ አልተነሳም። አሁንም አላመንኩም። ሁለቴ ደወልኩለት። ስልኩ ይጠራል።

ይህን የምጽፈው ሞጣ መናኸሪያ ሆኜ ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ የቢቸናው መኪና ገና አራት ሰው ይቀረዋል። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ተራ አስከባሪውን እጠይቃለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ሰውዬው አሁን አሁን ሲያየኝ ፊቱን ማዞር ጀምሯል።

አበጀን ለማታውቁት፦ ቢቸና ሁለተኛ ደረጃ አብረን ተምረናል። ስም የሚጠራው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለነበር ሁልጊዜ ቁጥር አንድ እሱ ነው። «በውጤት አንደኛ ወጥቼ አላውቅም፤ በስም ጥሪ ግን የቀደመኝ የለም» ይል ነበር። እኔ አስተማሪ ሆኜ ሞጣ ቀረሁ፣ እሱ የበርና የመስኮት በያጅ ሆነ። ያቆራኘን ሄቪ ሜታል ነው። አዎ፣ ቢቸና ውስጥ፣ ሄቪ ሜታል።

አሥረኛ ክፍል ሳለን ባሕር ዳር የሚማር የአጎቱ ልጅ አንድ ፍላሽ ሙሉ ሮክና ሜታል አምጥቶ ሰጠን። ግጥሙ ግማሹ እንኳ አልገባንም፤ ግን አልበሞቹን ደረጃ ማውጣት የጀመርነው በዚያው ሳምንት ነው። አሥር ምርጥ አልበም። ከዚያ ወዲህ ያንን ዝርዝር ስንሠራና ስናፈርስ ነው የኖርነው።

እሱ ዝርዝሩን የሚጽፈው ላሜራ ላይ በጠመኔ ነው። አንድ ጊዜ የጻፈበትን የውጭ በር ጽሑፉን ሳያጠፋ ሸጠው። ከሉማሜ የመጣው ገዢ ሲረከብ ጽሑፉን አይቶ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢለው፣ «የብረት ደረጃ ነው ጋሼ» አለው። ሰውዬው «አንደኛ ደረጃ ነዋ እንግዲህ» ብሎ ደስ ብሎት ጭኖ ሄደ።

አልበም ተከፍቶ እጅህ ወደ ስልኩ ከሄደ አለቀልህ። ሰልችቶህ ቀጣዩን ልትነካ ስትል የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ «አታሳልፈው» ይልሃል። አይቆጣም። «አታሳልፈው፣ ሰዎቹ ለፍተውበታል።» እኔ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ መስማት የማልችል ሰው መሆኔን ታውቃላችሁ። ስንት ጊዜ እንዳለኝ ቆጥሬው አላውቅም።

የእሱ አንደኛ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ከቦታው ተነቃንቆ አያውቅም። «ወፍጮው» ነበር የምንለው፤ ከበሮው ወፍጮ ቤት የገባህ ያስመስልሃል። ስምንት ዘፈን ነው። ሰባቱ ሲወቅጡህ ቆይተው ስምንተኛው ላይ ድምፃዊው ዝም ይልና አንድ ጊታር ብቻ ቀስ እያለ ይጫወታል። «አየህ፣ ካደከመህ በኋላ ውኃ ያጠጣሃል» ይለኝ ነበር። አንደኛ ያደረገው ለዚያ መጨረሻ ብሎ ነው።

አምና ገና ሰሞን ኢንተርኔት ሲለቀቅ ወፍጮውን ፈልጌ አገኘሁት። ለካ ፍላሹ ዘፈኖቹን በፊደል ተራ ደርድሮልን ኖሯል። ያ ጊታር ሦስተኛ ላይ ነው፤ አልበሙ የሚያልቀው በጩኸት ነው። ደስታዬን አልቻልኩትም። ደወልኩና «አንደኛህ ወደቀ፤ ይህን ሁሉ ዓመት የሰማኸው ስም ጥሪ ነው» አልኩት። እሱም «የሠሩት ሰዎች ተሳስተው ይሆናል» አለኝ።

እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት። እኔ ግን እዚሁ ፌስቡክ ገጼ ላይ የአሥሩን ዝርዝር ለጠፍኩ። ወፍጮውን ዘጠነኛ አድርጌ፣ ከሥሩ «ቢቸና ውስጥ አልበም በፊደል ተራ የሚሰማ በያጅ አለ» ብዬ። ሳቃችሁ። እኔም አብሬያችሁ ሳቅሁ። እሱ አስተያየት ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፈ፦ «መጨረሻውን ሰምታችሁታል?»

ማንም አልመለሰለትም። እኔም አልመለስኩለትም። ከዚያ በኋላ አልደወለም፤ እኔም ኮራሁ መሰለኝ፣ አልደወልኩም።

ያልነገርኩት ነገር አለ። ከወር በኋላ ፈተና እያረምኩ ወፍጮውን በሁለቱም ተራ ሰማሁት። በትክክለኛው ተራ ስሰማው ጥሩ አልበም ነው። በእኛ ተራ ስሰማው እርማቱን ትቼ ተቀመጥኩ። ልክ የነበረው እሱ ነው። ይህን በስልክ አልለውም፣ ለፋሲካ ሄጄ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ አልኩ። ፋሲካ አለፈ። ለክረምት አልኩ። መንገዱ ተዘጋ አልኩ፤ ሲከፈት ደግሞ ሥራ በዛብኝ አልኩ። ከዚህ ቢቸና እኮ ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ በሳቃችሁበት ቦታ ላርመው። የድሮውን ልጥፍ ላጠፋው ፈልጌ ነበር፤ ግን ከሥሩ የእሱ ጽሑፍ አለ፣ እጄ እንቢ አለኝ። ያንን ልጥፍ ካያችሁት ይህንንም አንብቡ። አንደኛ፦ ወፍጮው፣ በፊደል ተራ። ከሁለተኛ ጀምሮ ያለውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።

መኪናው ሞላ መሰለኝ፣ እየጠሩን ነው።

አበጀ፣ ለጥያቄህ መልስ አዘገየሁብህ፣ ይቅር በለኝ። አዎ፣ መጨረሻውን ሰምቼዋለሁ። አሁንም መንገድ ላይ ልሰማው ነው። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ አንዴ ያልቃል፤ ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ስልኩን ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ።

ነፍስህን ይማርልኝ፣ ቁጥር አንድ። አላሳልፈውም።