ጋሼ መርሻ «ይመስገን» ያሉ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቴ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሲጋራ ማቆም ለሚፈልግ ሠራተኛ የኒኮቲን ፕላስተርና አማካሪ በነፃ እንሰጣለን ይላል። ማስተርጎም የሚችል ካለም ስሙን ይስጥ ይላል። እኔ አጭሼ አላውቅም፤ ወረቀቱን መጣል ግን አቃተኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። መሀል ሎስ አንጀለስ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆኜ ስሠራ፣ ጋሼ መርሻ እዚያው የደንበኛ መኪና ያቆሙ ነበር። «ይኸን ሁሉ መኪና የሚያቆሙ ሰውዬ አንዲት ሲጋራ ማቆም ያቅታቸው!» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። ከሥራ ስንወጣ የአበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ፌርፋክስ መንገድ ወርደን ሽሮ እንበላለን። ሲያጎርሱ ደግሞ አይጣል ነው፤ አፍ አይበቃውም።

ጋርዴና ከተማ ያለችው ልጃቸው ስትወልድ ሳቁ ቀረ። «አባዬ፣ ስሞክ ማድረግ ካላቆምክ ቤቢዋን አታቅፋትም፤ ሶሪ» አለቻቸው። በማግስቱ ኩባንያው ባዘጋጀው ፕሮግራም ተመዘገቡ። ማክሰኞ ማክሰኞ አማካሪ ትመጣለች። የጋሼ እንግሊዝኛ ከመኪና ቁልፍ ስለማያልፍ አስተርጓሚያቸው እኔ ሆንኩ። ፕላስተሩን ክንዳቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ የሚሰጣቸውን የኒኮቲን ማስቲካ ግን የሰኔ ጾም ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይነኩትም።

ሎስ አንጀለስ በሰኔ ጠዋት ጠዋት ከባሕር በሚመጣ ደመና ትሸፈናለች። የጃካራንዳ አበባ ጫማዬ ሥር ተጣብቆ ቢሮ የገባሁበት አንድ ማክሰኞ፣ አማካሪዋ ካጨሱ ስንት ቀን እንደሆናቸው ጠየቀቻቸው።

«ሃያ ሦስት!» አሉ ኮራ ብለው።

«ያ የባለፈው ሳምንት ሳልስ እንዴት ነው?» አለች።

ጋሼ ሳል አድርገው አፋቸውን የጠረጉበትን መሀረብ ወደ ውስጥ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ቀስ ብለው «ይመስገን» አሉ።

እኔም «ደህና ነው» ብዬ ተረጎምኩ። እሷም ጻፈች።

ይመስገን ደህና ማለት አይደለም። የታመመም፣ የከፋውም ይለዋል። ለዚህ ነው እኛ አንዴ ጠይቀን የማንተወው፤ «እውነት ደህና ነዎት?» እያልን የምንደጋግመው። ፈረንጇ ይህን በምን ታውቃለች? እኔ ግን አውቃለሁ፤ የድምፃቸውን መድከምም ሰምቻለሁ። ትልቅ ሰው ማፋጠጥ አፈርኩ፤ ወደ ሥራዬም ቸኩዬ ነበር።

በዚያ ሰሞን ፌርፋክስ ስንበላ እሳቸው አይቀምሱም፤ እኔኑ ያጎርሱኛል። ፍቅር መስሎኝ ጎረስኩ።

ሕፃኗን አንድ እሑድ አቀፏት። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ትንፋሻቸው እንዳይነካት ፊታቸውን ዞር አድርገው የተነሱትን ፎቶ አሳይተውኛል። ብዙም ሳይቆዩ ሆስፒታል ገቡ። እኔና ልጃቸው አጠገባቸው ቆመን ሐኪሙ ደም ያለው አክታ የጀመራቸው መቼ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ «በሰኔ፤ የደበቅኩት ልጄ ሰምታ ሕፃኗን እንዳትከለክለኝ ብዬ ነው» አሉ። ልጃቸው ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ትራንስሌት ስታደርጊላቸው አልነበር?»

ሕፃኗ ድክ ድክ ሳትል ጋሼ አረፉ። ቀድሞ ቢታወቅ ይድኑ ነበር ወይ፣ አላውቅም። ሳልጠይቃቸው መቅረቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ትናንት በአስተርጓሚዎቹ ዝርዝር ላይ ስሜን ጻፍኩ። ፊደል ስቼ ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። ወረቀቱን የምትሰበስበው እዚሁ የተወለደች የአበሻ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ደህና ነሽ?» አለችኝ።

«ይመስገን» አልኳት።

«ኦኬ፣ ግሬት» ብላ ወረቀቱን ይዛ ሄደች።