ዘቢብ ከወደቀች በኋላ

ኣፅብሃ ሓድነት የሚባል ሰፈር ውስጥ የሠርግ ካሜራማን ነበር፤ እኔ ደግሞ የቀረጸውን እየቆረጥኩ የምቀጥል የወሎ ሰው ነኝ። እሱ ልብ አውልቅ ነው። ሙሽራ ኬክ ስትቆርስ እንኳ ካሜራውን ወደ መሬት ካላስጠጋ አይሆንለትም። በትግሉ ጊዜ የለመደው ነው።

ያኔ እውነተኛውን ውጊያ ቀርጾ ሲያሳይ ሰው ሁሉ ቅር አለው። እሱ ራሱ በደረቱ ተኝቶ ስለነበር የሚታየው ሳርና ሰማይ ብቻ ነው። ስለዚህ ውጊያው ካበቃ በኋላ ጓዶቹን ያንኑ ኮረብታ እንደገና አስወጣቸው። ምሽግ ውስጥ ገብቶ ካሜራውን ከታች ወደ ላይ አቀና፤ አንዱ አፈር ይበትንበታል፣ እሱ ፍንዳታ የመታው ይመስል እጁን ያንቀጠቅጣል። ዘቢብ የምትባል ታጋይ ተመትታ እንደምትወድቅ ሆና እንድትታይ ነገራት። ሁለቴ ሳቋ አመለጣት። በሦስተኛው እጇን ሳትዘረጋ፣ እህሉ እንደፈሰሰ ጆንያ ታጠፈች። ባትሪ ለመቆጠብ ካሜራውን ወዲያው አጠፋው።

ይወዳት ነበር፤ ነግሯት ግን አያውቅም። ከወር በኋላ ሌላ ግንባር ተሰዋች። ፎቶዋ የለውም። የዚያን ፊልም ቅጂ ሱቃችን አስቀምጦ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከውድቀቷ በኋላ የሚመጣውን ምስል ደጋግሞ ያያል። ካሜራው እንደገና ሲበራ ሌላ ታጋይ እየሮጠ ከመምጣቱ በቀር ምንም የለበትም።

ይቺው ውድቀት በየዓመቱ የካቲት ላይ ትግሉ ሲታሰብ በቴሌቪዥን ትታያለች። እናቷ ኣደይ ለተመድህን ልጃቸው እዚያው የሞተች መስሏቸው ስድስት ዓመት አለቀሱ። ኣፅብሃም ይህን እያወቀ ስድስት ዓመት አፉን ዘጋ። በዚህ እስከ ዛሬ ተቀይሜዋለሁ።

በ1990 ዓ.ም. ኣደይ ለተመድህን ቀረጻው የማን እንደሆነ ከሰው ሰምተው ሱቃችን ድረስ መጡ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ከወደቀች በኋላ ብዙ ተሠቃይታ እንደሆነ።

ኣፅብሃ ሁሉንም ነገራቸው፤ ጥይት እንዳልነካት፣ ሱሪዋን አራግፋ እየሳቀች እንደሄደች፣ የሞተችው በኋላ እንደሆነ። ይረግሙታል ብዬ ጠበቅሁ።

«ተነሣች?» አሉ ኣደይ ለተመድህን፣ በትግርኛ፣ ቀስ ብለው።

«ተነሥታለች፣ ኣደይ።»

«ታዲያ እሱን ለምን አልቀረጽክልኝም፣ ወደይ፣ ልጄ?»

«ጦርነት አይመስልም ነበር» አላቸው።

ኣደይ ለተመድህን እንዴት እንደተነሣች እንዲያሳያቸው ለመኑት። ኣፅብሃ የሚያመውን ጉልበቱን እያጠፈ ሲሚንቶው ላይ ተኛ፣ በቀኝ እጁ ተደግፎ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘቢብ ከልጅነቷ ጀምሮ በግራ እጇ እንጂ በቀኟ ተነሥታ አታውቅም አሉ። ኣፅብሃ ያን ዕለት ባትሪውን ሲነቅል አቀርቅሮ ስለነበር ይህን አላየም። ይህንንም ነገራቸው። ተመልሶ ተኛ፣ በግራው ተነሣ።

ኣደይ ለተመድህን ዓይናቸውን አልነቀሉበትም።

«አሁን እሷን መሰልክ» አሉት። «እስኪ አንዴ ደግሞ።»