ባለመቀሱ ጉርሻ

እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ከባሕር የወጣ ባለእግር ነገር አፌን ነክቶት አያውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ ሣራ ናት ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሰፈር ያለ ምግብ ቤት ይዛኝ የሄደችው። የምግብ ቤቱ ባለቤት አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ባሕር ዳርቻ ያደገች ቬትናማዊት ናት፤ ኬጅን የሚባሉትን የዚያን አገር ሰዎች ቅቅል ከእናቷ ጠጅ ሣርና ነጭ ሽንኩርት ጋር ታጋባዋለች። ጠረጴዛው ላይ ጠቦት የሚያካክሉ ቀያይ ጊንጦች ዘረገፈችብን።

«ክሬይፊሽ ነው ጋሼ፣ ትራይ ያድርጉት» አለች ሣራ።

አብሮ የተቀቀለውን ድንች ብቻ ስለቅም ሴትዮዋ አየችኝና አንዱን ልጣ አጎረሰችኝ። ጉርሻ አይመለስም፤ ዋጥኩት። እሳቱ በጆሮዬ ወጣ፤ ጣዕሙ ግን ከነወንበሬ ክንድ ያህል አነሣኝ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አልኩ በቀስታ። ሣራ ተረጎመችላት። ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ የሆነ ነገር ጠየቀች።

«ስንት ሲሆን ነው የሚያፋቅረው እያለች ነው» አለችኝ ሣራ።

«መቶ በያት።»