እናቲቱ ዝም ያለች ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ በስደት አገር ኮራል ስፕሪንግስ በሚባል በረዷማ ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ ተረት የምሰማው ከቤቱ ሥር ወዳለው ምድር ቤት፣ ቤዝመንት ወርጄ ነበር። አያቴ፣ አባባ የምንላቸው፣ ቤቱን በሚያሞቀው ፈርነስ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ በፈርነሱ ትንሽ መስኮት የምትታየው ሰማያዊ እሳት ግማሽ ፊታቸውን ብቻ ታበራለች፤ ከጎናቸው የጠጁ በርሜል በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል።

ጠጁ የመጣው ከእናታቸው ጠጅ ቤት ነው። ሲቀዳ ተሟጥጦ አይወጣም፤ ከታች ይተዉለትና አዲስ ብርዝ ይጨምሩበታል። ያንን የሚቀረውን አሮጌውን እኛ ቤት «እናቲቱ» ነው የሚሉት። አዲስ አበባ ያለው ቤት ሲፈርስ አባባ በጠርሙስ አድርገው፣ በጋቢ ጠቅልለው ይዘዋት መጡ።

«እናቴ የሞተች ዕለት ጋኑ ዝም አለ» ይሉኝ ነበር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናቲቱ ዝም ካለች ከቤት ሰው ይወሰዳል። ብርድ እንዳያገኛት ጠብቂያት፣ እሺ?»

ያኔ አማርኛዬ ጎደሎ ስለነበር፣ የትኛዋን እናት እንደሚሉ መለየት አቅቶኝ የጠጁን እናትና የኔን እናት አንድ አደረግኋቸው።

አንድ ምሽት በረዶው በረታና መብራት ጠፋ፤ ፈርነሱም አብሮ ጠፋ። እማዬ ዳውንታውን ቢሮ ስታጸዳ ውላ፣ ሺፍቷ ቢያልቅም አልመጣችም። አባባ በባትሪ ወርደው ጆሯቸውን በርሜሉ ላይ ጣሉ።

«ወይኔ! እናቲቱ ዝም አለች።»

ጃኬቴን አውልቄ በርሜሉ ላይ ደረብኩና እላዩ ላይ ተለጠፍኩበት። ጥርሴ እየተንገጫገጨ «ተንፍሺ፣ እማዬ፣ ተንፍሺ» እላለሁ። «ጠጅ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ» ቢሉኝ ማን ይሰማቸዋል?

በመጨረሻ የላይኛው በር ተከፈተ። እማዬ በረዶዋን እያራገፈች ወረደች።

«ባቡሩ ቆሞብን እኮ ነው። ይቺ ልጅ በርሜል ታቅፋ ምን ሆናለች? አባባ፣ አጠጧት እንዴ?»

እሷን እያየሁም በርሜሉን አልለቀቅኩም። አንድ ጊዜ ቡልቅ ሲል ነው ያለቀስኩት።

አሁን እዚያው ከተማ፣ ሲቲስኬፕ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው፤ በርሜሉም እኔ ጋ፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። አባባ ያረፉ ዕለት እናቲቱ እንደ ልማዷ ስትፈላ ዋለች፤ ተረቱ እውነት እንዳልነበረ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ለልጄ ጠጁ እንዴት እንደሚጣል አሳያታለሁ፤ ተረቱን ግን አልነግራትም። ይሁንና እማዬ ጋ ደውዬ ስልኳን ካላነሳች፣ መልሼ ከመደወሌ በፊት ቤዝመንት እወርዳለሁ።