ክር ሁሉ ቢጫ የሆነበት ሳምንት

ፀሐይነሽ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ደሴ ላይ በጥልፍ ሥራ ስትተዳደር እንኳ ቆማ ነው የምትጠልፈው፤ ጨርቁን መስኮቱ አጠገብ ወጥራ፣ እግሯን እየቀያየረች። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ፣ በዚያው ጦስ የልቧ በር፣ ቫልቩ፣ ተበላሽቷል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አንዲት ትንሽ የልብ ኪኒን ትውጣለች።

በ1996 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጉሮሮዋ እንደገና ቆሰለ። ጎረቤቷ ቡዜ ከራሷ ሕመም የተረፋትን ካፕሱል በወረቀት ጠቅልላ አመጣችላት። ሰፈሩ እንዲያ ነው፤ ጨውም መድኃኒትም ይዋዋሳል።

"እንቺ፣ እኔን ከአልጋ ያስነሳኝ እሱ ነው። አንቺማ ድሮም የቆምሽ ነሽ!"

ካፕሱሉን ለቀናት ውጣ ጉሮሮዋ ዳነ። ግን ወዲያው ምግብ አስጠላት፤ ያቅለሸልሻት ጀመር። ቀጥሎ የምታየው ሁሉ ቢጫ ሆነባት። ለቀሚስ ጥልፍ የገዛችው ነጭ ክር ሳይቀር። ያረጀ ክር ነው ብላ ተናደደች። ጉልበቷ ስለከዳት ወንድሟን ኪዳኑን አስከትላ ኮምቦልቻ ወረደች፤ ክሩን ወደሸጠችላት ወደ ከይሪያ ሱቅ።

ከይሪያ ክሩን ደጅ አውጥታ አየችው። "ወላሂ ፀሐዬ፣ ወተት ነው! አንተ ኪዳኑ፣ ምን ይታይሃል?"

"ነጭ" አለ ኪዳኑ ቀስ ብሎ።

ፀሐይነሽ ከበሩ እስከ መደርደሪያው ተመላለሰች። "ሻሽሽስ ከይሪያ? ቢጫ አይደለም?"

"ነጭ ነዋ!"

"የወፍ በሽታ ነው" አለ ኪዳኑ ደንግጦ። "እትዬ፣ አሁኑኑ ሐርቡ እንውረድ። የወፍ መድኃኒት የሚያጠጡ ሰውዬ አሉ። አንዴ አስቀምጦ ያስወጣል፣ በቃ።"

ከመናኸሪያው "ሐርቡ! ሐርቡ!" የሚል ጥሪ ይሰማል። ፀሐይነሽ ነጠላዋን አጣፋች። ከይሪያ ግን አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ ብርሃን አዞረችው።

"ዓይኗ ጥርት ያለ ነው! የወፍ የያዘው ሰው ዓይኑ ነው ቢጫ የሚሆነው፤ የኔ ሻሽ ምን አደረገ? ልቧን የታመመች ሴት ይዘህ ሥር ልታጠጣ?"

"አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?"

"ሐኪም ባልሆን ዓይን የለኝም?"

በዚህ መሐል የፀሐይነሽ ልብ አንዴ መታ፤ ከዚያ ዘገየ። ቀጣዩን ምት ጠበቀችው። ባንኮኒውን ጨበጠች።

"ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ውሰዱኝ" አለች። "ኪኒኑን ያዘዙልኝ እዚያ ናቸው።"

ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ እስኪወጡ ኪዳኑ ትንፋሿን ሲያዳምጥ የራሱን ረሳ።

ዶክተር ወንጌላዊት የልብ ምቷን አዳመጠች፤ ስለ ቢጫው ጠየቀች፤ ስለ ካፕሱሉም ሰማች።

"የልብ ኪኒኑ በዝቶብዎታል።"

"እመብርሃንን ዶክተር፣ ከአንዲቷ አልጨመርኩም!"

"አልጨመሩም። በአንዳንድ ሰው አንጀት ውስጥ ይህን ኪኒን እየሰበሩ ከጥቅም ውጭ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎች አሉ። እርስዎም እንዳለዎት እገምታለሁ። ስንት ዓመት ከኪኒኑ ሲሻሙዎት ኖረዋል። ካፕሱሉ የጉሮሮዎን ጀርም ሲገድል እነሱንም ገደለ። አሁን የሚሻማ የለም፤ ኪኒኑ ወደ ደም የሚገባው በዝቶ ነው።"

"ሌቦቹ ሞቱና ጎተራው ሞላ ይበሉኛ!" አለ ኪዳኑ።

"ሞልቶ ፈሰሰ።"

"ሐርቡ ሥር ብትጠጣስ ኖሮ?"

"ተቅማጥ ይይዛቸው ነበር፤ ያኔ ይህ ልብ አይችለውም ነበር።"



ኪኒኑ ተቋረጠ። መቀመጥ የማትወደው ሴት እንድትተኛ ታዘዘች። አንሶላውን እየጎተተች፣ ልቧን እያዳመጠች ሰነበተች። ቡዜ ልትጠይቃት መጥታ "ልገድልሽ ነበር!" ብላ አለቀሰች። "ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል" አለቻት ፀሐይነሽ፤ ሁለቱም ሳቁ። ቀስ በቀስ ምቱ ተስተካከለ።

ስትወጣ ጠየቀች። "ዶክተር፣ እነዚያ ባክቴሪያዎች መቼ ይመለሳሉ?"

"አላውቅም። ሊዘገዩ ይችላሉ። በግማሽ ኪኒን እንጀምር፤ በየሳምንቱ ይምጡና ልብዎን አያለሁ።"

"ይመለሱልን ብለን እንሳል እንዴ?" አለ ኪዳኑ።

ፀሐይነሽ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በሚኒባስ ቦሩ ሜዳ ትመላለሳለች። ወረፋው ላይ የሚቀመጡበት ወንበር አለ። እሷ ግን ቆማ፣ የእጇን ሥር በሁለት ጣት ይዛ፣ አይታቸው የማታውቃቸውን ሌቦች ትጠብቃለች። እስኪመለሱ ኪኒኗ ግማሽ ናት።